ለሮክ የቱ ኦፕን ባክ ሄድፎን ይሻላል? እኛ ደሴ ላይ እንዴት እንዳወዳደርን

ሮክ የምትሰሙ የወሎ ልጆች ሰላም ናችሁ? ባለፈው ክረምት እኔና ሁለት ጓደኞቼ (አንዱ ከኮምቦልቻ ነው የሚመጣው) በእጃችን ያለውንም በውሰት ያገኘነውንም ኦፕን ባክ (ጀርባው ክፍት የሆነ) ሄድፎን ሰብስበን እኛ ቤት ስናወዳድር ሰነበትን፣ እና በመጀመሪያው ቀን የተስማማንበት ነገር በሙሉ ስህተት ሆኖ ተገኘ። ያሳሳተን ቮልዩም ነው።

ጆሮ ትንሽ ከፍ ያለውን ድምፅ "ይሄ ይሻላል" ነው የሚለው። 1 ዲሲብል (የድምፅ ጩኸት መለኪያ) ብቻ ቢበልጥ "ጮኸ" አትሉም፣ "ጠራ፣ ቤዙ (ወፍራሙ ድምፅ) ሞላ" ነው የምትሉት። ሄድፎን ደግሞ በአንድ ቮልዩም እኩል አይጮህም፣ ሴንሃይዘር ኤችዲ 600 ባለ 300 ኦም ነው (ኦሙ ሲበዛ ከስልክ የሚያገኘው ኃይል ይቀንሳል)፣ ግራዶ ኤስአር80 ደግሞ ባለ 32፣ ስልክ ላይ አንዱን ነቅላችሁ ሌላውን ብትሰኩ ግራዶው ስለጮኸ ብቻ ያሸንፋል። እኛም እንደዛ ነው የሆንነው።

ስለዚህ መጀመሪያ አስተካክሉ። ካርቶን ቁረጡና መሃሉን የስልክ ማይክ በሚያክል ብሱት፣ ማይኩን ከጀርባው አስጠጉት፣ የሄድፎኑን ትራስ በፊት በኩል ግጥም አድርጋችሁ ፒንክ ኖይዝ (እንደ ዝናብ የሚሻሽ የመለኪያ ድምፅ) ክፈቱና በድምፅ መለኪያ አፕ ቁጥሩን አንብቡ። ሁለተኛውንም እንደዚሁ፣ ቁጥሩ እኩል እስኪመጣ ቮልዩሙን ነካክታችሁ የቆመበትን ወረቀት ላይ ጻፉት። አፑ ትክክለኛውን ዲሲብል ባይነግራችሁም አብሽሩ፣ የምንፈልገው ልዩነቱን ነው። ሲለዋወጡም ቶሎ ቶሎ ይሁን፣ ጆሮ የሰማውን ድምፅ ብዙ አይዝም።

ሰዓትም ምረጡ። ኦፕን ባክ ጀርባው ክፍት ስለሆነ የውስጡ ይወጣል የውጭው ይገባል፣ ፒያሳ አካባቢ ቀን ላይ የባጃጅና የአይሱዙ ድምፅ መጀመሪያ የሚውጠው ቤዙን ነው፣ ከዛ "ይሄ ሄድፎን ቤዝ የለውም" ትላላችሁ። እኛ ከኢሻ በኋላ ሰፈሩ ጸጥ ሲል ነበር የምንጀምረው።

አሁን ወደ ጊታሩ። የኤሌክትሪክ ጊታር ወፍራሙ ክር 82 ኸርዝ አካባቢ ነው፣ የቤዝ ጊታሩ 41፣ ግን ዲስቶርሽኑ (ሆን ተብሎ የሻከረው የጊታር ድምፅ) ሲነክስ የምትሰሙት ከ1 እስከ 4 ኪሎኸርዝ ባለው ሚድ (መሃለኛው ድምፅ) ላይ ነው፣ ሮክ የሚሞተውም የሚድነውም እዚያ ነው። ችግሩ ማናችንም ትልቅ የጊታር አምፕ (ድምፅ ማጉያ) ፊት ቆመን አናውቅም፣ ታዲያ ትክክለኛው ድምፅ የቱ እንደሆነ በምን እናውቃለን? እኔ ያገኘሁት መፍትሄ ማሲንቆ ነው። ባቲና አምባሰል ሲመታ በአካል ሰምተን ነው ያደግነው፣ የፈረስ ጭራው ክሩ ላይ ሲሄድ ያለችውን ሻካራነት ጆሯችን ያውቃታል። መጀመሪያ በደንብ የተቀዳ ማሲንቆ አጫውቱ፣ ሻካራነቷ ከጠፋች ወይ እንደ ቆርቆሮ ከሆነች ያ ሄድፎን ጊታሩንም አይታመንበትም። ኤችዲ 600 ላይ ማሲንቆው ማሲንቆ ነበር፣ ሪፉም (እየተደጋገመ የሚመጣው የጊታር ዜማ) እንደዚያው። ግራዶው ጊታሩን ወደ ፊት ያመጣዋል፣ ደስ ይላል፣ ግን ከታች ቀጠን ይላል።

ቀጥሎ በአማርኛ የሚዘፈን ሮክ፣ ለምሳሌ ጃኖ ባንድ፣ እና "ሰ"ንና "ጸ"ን አድምጡ። እነሱ የሚያፏጩት ከ5 እስከ 8 ኪሎኸርዝ አካባቢ ስለሆነ እዚያ የሚወጋ ሄድፎን ሲምባሉንም (የድራሙን ሳህን) ይወጋዋል። ቤየርዳይናሚክ ዲቲ 990 ፕሮ ትሬብሉ (ቀጭኑ ድምፅ) ከፍ ያለ ነው፣ በመጀመሪያው አምስት ደቂቃ ሁላችንም ተደነቅን፣ ቡናው ተፈልቶ ከአቦል እስከ በረካ እሱን ብቻ አድርጌ ስቀመጥ ግን ሃይሃቱ (የድራሙ ጥንድ ሲምባል) አደከመኝ። ለዚህ ነው አጭር ሙከራ ብቻውን አይበቃም የምለው። የ1970ዎቹንም (በፈረንጅ) የአሁኑንም ቅጂ ቀላቅሉ፣ የድሮው ብዙ ጊዜ ቤዙ ሳሳ ያለ ነው፣ የአሁኑ ደግሞ ታፍኖ የሚጮህ ይበዛዋል፣ በአንዱ ብቻ ብትፈርዱ ትሳሳታላችሁ።

መነጽር የምታደርጉ፣ ወይ ሻሽና ሂጃብ ላይ ደርባችሁ የምትሰሙ እህቶች፣ እንደዛው ሆናችሁ አወዳድሩ፣ በትራሱና በጆሮ መሃል የሚገባ ነገር ድምፁን ስለሚቀይረው የሌላ ሰው አስተያየት ለእናንተ ላይሠራ ይችላል። ያረጀ ትራስም እንደዚሁ።

ቮልዩሙን ካስተካከልን በኋላ እኔ ኤችዲ 600 ላይ ቀረሁ፣ የታችኛው ቤዝ እንደሚሳሳ እያወቅኩ። የኮምቦልቻው ጓደኛዬ ሃይፋይማን ኤችኢ400ኤስኢን መረጠ፣ ቤዙ እስከ ታች ድረስ ሳይሳሳ ስለሚዘልቅ፣ ግን ስልክ ብቻውን አይነዳውም፣ አነስተኛ አምፕ ይፈልጋል፣ እሱን ከሂሳቡ ውስጥ አስገቡት።