ፍየል ከማብላታችሁ በፊት

ልጆች ይዛችሁ ከተማ ውስጥ ያለ የማኅበረሰብ እርሻ ልትጎበኙ ከሆነ፣ ፍየሏን ስታበሉ መዳፋችሁን ዘርጉ። አውራ ጣትም ከሌሎቹ ጋር ይጣበቅ። ፍየል ጣትና ካሮት አትለይም፤ በራሴ አይቼዋለሁ።

ስትጨርሱ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ታጠቡ። ሳኒታይዘር እዚህ ላይ አያዋጣም። ከእበት የሚመጣውን፣ ክሪፕቶስፖሪዲየም የሚባለውን የተቅማጥ ተህዋሲ አልኮል አይገድለውም። የጫማችሁን ሶልም እጠቡት።

ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ በጎች በሚወልዱበት ወቅት ወደ በረቱ ዝር አትበሉ። ከእንግዴ ልጁና ከሽርት ውሃው ፅንስ የሚያስወርድ በሽታ ሊተላለፍ ይችላል።

በበጎ ፈቃድ ማገልገል ያማራችሁ ደግሞ ዝናብና ብርድ ሲመጣ ጠይቁ፤ ሰው የሚጠፋው ያኔ ነው። ግልገል ማቀፉ አልፎ አልፎ ነው፣ በረት መጥረጉ ግን በየቀኑ።