የዶቃዬ ቀለም ለምን አልወጣም? ስትራይክ የሚያደርግ (መልሶ ሲሞቅ ቀለሙ የሚወጣ) መስታወት፣ ችግርና መፍትሄው

ላምፕወርክ (መስታወት በቶርች፣ ማለትም በጋዝ እሳት መንፊያ፣ አቅልጦ ዶቃ መሥራት) ጀምራችሁ ያንን ውድ የብር መስታወት ገዝታችሁ፣ ፎቶ ላይ እንዳያችሁት ሐምራዊና ሰማያዊ ዶቃ ይወጣልኛል ብላችሁ አድራችሁ፣ ጠዋት ኪልኑን (ዶቃው ቀስ ብሎ የሚበርድበትን ምድጃ) ስትከፍቱ የቆየ የሻይ ቅጠል የመሰለ ነገር ከጠበቃችሁ ይሄ ለናንተ ነው። እኔ መሪላንድ ጋራዥ ውስጥ ሙሉ ዊንተሩን እንደዛ ነው ያሳለፍኩት። በነገራችን ላይ እናቴ ደውላ ምን እየሠራሽ ነው ስትለኝ ሁሌም "ዶቃ" ነው የምላት፣ "ጨሌ" ካልኩማ አተቴ ጀመረች ብላ ጸበል ነው የምትልክልኝ።

ወደ ችግሮቹ ከመሄዳችን በፊት አንድ ነገር። የምትፈልጉት ቀለም የመስታወት ዘንጉ ውስጥ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ አይደለም። መስታወቱ ውስጥ ብር አለ (ሩቢኖ የሚባለው ቀላ ያለ ሮዝ ላይ ወርቅ፣ ቀይና ብርቱካናማዎቹ ላይ ደግሞ ካድሚየምና ሴሊኒየም)። በደንብ ስታቀልጡት ብሩ ይሟሟና መስታወቱ ክሊር (ቀለም አልባ) ወይ ፈዛዛ ቢጫ ይሆናል፣ ሲበርድ በዓይን የማይታዩ ደቃቅ ዘሮች ይፈጠራሉ፣ መልሳችሁ በስሱ ስታሞቁት እነዛ ዘሮች ያድጋሉ፣ ባደጉ ቁጥርም ቀለሙ ይቀየራል። ማቅለጥ፣ ማብረድ፣ መልሶ ማሞቅ፣ በቃ ይሄው ነው። ሰው ግን መሀለኛዋን ይዘላታል፣ እኔም ስዘላት ነበር።

"ምንም ቀለም አልመጣም፣ ክሊር ሆኖ ቀረ"

ከአስር ዘጠኙ አላበረዳችሁትም ማለት ነው። ከእሳቱ አውጥታችሁ አንዴ እፍ ብላችሁበት ትመልሱታላችሁ፣ ውስጡ ገና ፍም ነው፣ ፍም ውስጥ ደግሞ ዘር አይፈጠርም። መብራት ላይ ሆናችሁ ፍሙ መጥፋቱን ማወቅ ይከብዳል፣ ስለዚህ እኔ ዶቃውን እያሽከረከርኩ ከጠረጴዛው ስር ጥላ ውስጥ አስገብቼ ነው የማየው፣ ትንሽ እንኳን ብርቱካናማ ነገር ካለው እጠብቃለሁ። ሽምብራ የምታክል ከሆነች አስር ያህል ቆጥሬ ይበቃታል፣ ትልቁ ግን ከዛ በላይ ይፈልጋል። ከዛ ወደ እሳቱ፣ ግን ቶርቹ አፍ ጋር ሳይሆን ራቅ አድርጋችሁ የነበልባሉ ጫፍ ላይ፣ ሁለት ሦስት ሴኮንድ አስገብቶ ማውጣት፣ ማየት፣ እንደገና ማስገባት። መጀመሪያ ጠርዙ ላይ ማር የመሰለ ነገር ይመጣል፣ ቀጥሎ ቀላ ይላል፣ ከዛ ሐምራዊ፣ ሰማያዊ፣ አንዳንዱ ወደ አረንጓዴም ይሄዳል። የወደዳችሁት ጋ ስትደርሱ አቁሙ። አቁሙ ስል የምር አቁሙ፣ "አንዴ ብቻ ልጨምር" ያልኳቸው ዶቃዎቼ አንድ ጣሳ ሞልተዋል።

"ቀለሙ መጥቶ ነበር፣ ከዛ ጭቃ ሆነ"

አልፏችኋል። ቡና መቁላት በሉት፣ ቢጫ ይሆናል፣ ቡኒ ይሆናል፣ ትንሽ ዞር ስትሉ ያራል። ልዩነቱ ያረረ ቡና አይመለስም፣ ይሄ ይመለሳል። ዶቃውን ወደ ሞቃቱ የነበልባል ክፍል አስገቡና እስኪለሰልስ፣ ፍም መስሎ ቀለሙ በሙሉ እስኪጠፋና ክሊር እስኪሆን አቅልጡት፣ ከዛ ከማብረዱ ጀምሩ። ላዩን ብቻ አሙቃችሁ ከሆነ ግን ከስር ያለው ጭቃ እንዳለ ነው፣ እስከ ውስጥ ድረስ መቅለጥ አለበት። ደግሞ ይሄን አስር ጊዜ ማድረግ አይቻልም፣ በተደጋገመ ቁጥር መስታወቱ እንደ ወተት እየደፈረሰ ይሄድና አንድ ቦታ ላይ እምቢ ይላል። እዛ ከደረሰ ለጣሳው ነው።

"ላዩ ላይ ግራጫ ቆዳ ያዘ"

ይሄ የእሳቱ ችግር ነው። ፕሮፔኑ በዝቶ ኦክስጅኑ ሲያንስ ብሩ ወደ ላይ ወጥቶ ፊቱን ይሸፍነዋል። ቶርቹ አፍ ላይ ያሉትን ትንንሽ ሰማያዊ ምላሶች እዩ፣ አጫጭርና ጥርት ያሉ ከሆኑ ጥሩ ነው፣ ረዘም ብለው ጫፋቸው ቢጫ ካለ ፕሮፔኑን ቀንሱ። እሳቱ ልክ ሆኖ እንኳን አፉ ጋር ተጠግታችሁ ከሠራችሁ ያው ነው፣ እዛ ጋ ጋዙ ገና በደንብ አልተቃጠለም። ሆት ሄድ (የኦክስጅን መስመር የሌለው ቀላል ቶርች) ላይ የምትሠሩ ደግሞ ኦክስጅኑን ከአየር ስለሚስብ የምትቆጣጠሩት ነገር የለም፣ ያላችሁ አማራጭ ራቅ ብሎ መሥራትና ትዕግስት ነው።

እኔ ሁለት ሳምንት መስታወቱን ስረግም ከርሜ ችግሩ የት ተገኘ? ያገለገለ ባለ 5 ሊትር ኦክስጅን ኮንሰንትሬተር (ከአየር ላይ ኦክስጅን የሚለይ ማሽን) ነበር የገዛሁት፣ የኋላውን ክዳን ስከፍተው ፊልተሩ በድመት ፀጉርና በአቧራ ተደፍኖ ብርድ ልብስ መስሏል። በውሃ አጠብኩት፣ አደረቅኩት፣ መለስኩት፣ የዛኑ ቀን ማታ ሐምራዊ መጣልኝ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ትሪተንን የመሳሰሉት ሪዳክሽን መስታወቶች በተቃራኒው ይሄንኑ ፕሮፔን የበዛበት እሳት ነው የሚፈልጉት፣ መጨረሻ ላይ ለአፍታ። ዘንጉ ላይ የተለጠፈውን ሳታነቡ አትጀምሩ።

"ቀዩ የጉበት ቀለም ሆነ"

ሩቢኖ ከሆነ አብዝታችሁ አሙቃችሁታል፣ ወርቁ ከመጠን በላይ አድጓል። ትንሽ እሳት፣ ራቅ ብሎ፣ ቶሎ ቶሎ ማውጣት፣ ከተቻለም ላዩን ክሊር ማልበስ። ደግሞ እንደ ብሩ በቀላሉ አይመለስም፣ ዋጋው ደግሞ ዋጋ ነው፣ ስለዚህ ሙሉ ዶቃ ከሱ አትሥሩ። የድሮ የቬኒስ ዶቃ ሠሪዎች ያደርጉት የነበረውን አድርጉ። ሀገር ቤት አያቶቻችን አንገት ላይ የነበረውን ያን አሮጌ ቀይ ዶቃ ቀዳዳውን አስተውላችሁ ከሆነ ውስጡ ነጭ ነው፣ ፈረንጆቹ እንደውም የኢትዮጵያ ነጭ ልብ እያሉ ይሸጡታል። ነጩ ርካሽ ነው፣ ቀዩ ውድ፣ ስለዚህ ነጭ ሠርቶ ቀዩን በስሱ ማልበስ፣ ብርሃኑም ከነጩ ላይ እየነጠረ ቀዩን ያደምቀዋል። እኔ አሁን ቀይ የምሠራው እንደዚህ ብቻ ነው።

"እሳት ላይ ሌላ፣ ከኪልን ሲወጣ ሌላ"

ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። አንደኛ ቀይ ሲግል ጥቁር ነው የሚመስለው፣ ሲበርድ ነው የሚቀላው፣ በዛ ላይ ዲዲሚየም መነፅሩ (የእሳቱን ቢጫ ነፀብራቅ የሚያጠፋው የሥራ መነፅር) ቀለም ይለውጣል፣ ስለዚህ በትኩሱ ያያችሁትን አትመኑ፣ አውጥታችሁ መነፅሩን ከፍ አድርጋችሁ እዩ። ሁለተኛ ኪልኑ ራሱ እያሞቀው ነው። 104 የሚባለው ለስላሳ መስታወት አኒል የሚደረገው (በኋላ እንዳይሰነጠቅ ሙቀት ውስጥ የሚቆየው) 510 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው (በፋራናይት 950 በሉት)፣ የናንተ ኪልን ቁጥሩን አሳንሶ የሚያሳይ ከሆነ ወይ ዶቃው ማሞቂያ ሽቦው ጥግ ከተቀመጠ ቀለሙ ሌሊቱን ሙሉ እየሄደ ያድራል። እኔ ከምፈልገው ቀለም ትንሽ ቀደም ብዬ ነው የማስገባው፣ ሰማያዊ ከፈለግኩ ሐምራዊ ላይ።

"ሳበርደው ቀጭ ብሎ ተሰነጠቀ"

አብዝታችሁ አብርዳችኋል፣ ወይ ማራገቢያው ቀጥታ እየነፋበት ነው። ማራገቢያውን አታጥፉት፣ ጭሱና ጋዙ መውጣት አለበት፣ ግን ከዶቃው ጀርባ ሆኖ ወደ ውጭ ይሳብ። ትልልቆቹን ደግሞ ፍሙ እንደጠፋ ሳትቆዩ መልሷቸው።

ሳልረሳው፣ ከስር ያለው ቀለምም ወሳኝ ነው። ጥቁር ላይ የብር መስታወት በደንብ ይታያል፣ ክሊር ላይ ግን ስስ ሆኖ ባዶ ይመስላል። አይቮሪ (የዝሆን ጥርስ ቀለም ያለው መስታወት) ላይ ካደረጋችሁት ብሩ ከአይቮሪው ጋር ይጣላና ዙሪያው ቡኒ መስመር ይሠራል፣ አንዳንዱ ሰው ሆን ብሎ ያደርገዋል፣ ያምራልም። እኔ ግን ያንን መስመር የማሽከርከር ጥፋት መስሎኝ አንድ ሳምንት እጄን ስወቅስ ነበር፣ አሁን አይቮሪው ሌላ መሳቢያ ውስጥ ነው ያለው።