ደንበኛ ጮሆባችሁ ሲሄድ

ባንክ መስኮት ላይ፣ ካሸር ወይም ጥሪ ማዕከል የምትሠሩ፣ ይቺን ሞክሯት። ደንበኛ ጮሆባችሁ ሲሄድ ቀጣዩን ወዲያው አትጥሩ። ቁራጭ ወረቀት ላይ ያናደደውን ነገር በሦስት ቃል ጻፉ፤ «ብር ተቆርጦ አልገባም»፣ «ሲስተም የለም ተባለ»። ረዘም አድርጋችሁ ተንፍሱና ቀጣዩን ጥሩ። እኔን የገረመኝ፣ ወረቀቱ ላይ ስሜ የለም! ቁጣው የሲስተሙ እንጂ የእኔ እንዳልሆነ በዓይኔ አየሁት። ይሄ ሥራ የሚከብደው ውስጣችን እየነደደ ፊታችን ፈገግ ማለት ስላለበት ነው፤ ሶሺዮሎጂስቷ አርሊ ሆክሺልድ የበረራ አስተናጋጆችን አጥንታ «የስሜት ሥራ» ያለችው ይህንኑ ነው፤ ካላራገፍነው ምንም ያላጠፋው ቀጣዩ ሰው ላይ ይወጣል፣ ማታም ቤት ይዘነው እንገባለን። ሰውየው ከሰደባችሁ ወይም ከዛተባችሁ ግን ወረቀቱን ተዉት፣ ወዲያው ለአለቃ ንገሩ።