ቀለህ አልተፋም እያለ ያስቸገረኝ የዒላማ ሽጉጥ

ቨርጂኒያ ውስጥ ያገለገለ፣ እዚሁ አሜሪካ የተሠራ ባለ 22 ካሊበር ግማሽ አውቶማቲክ የዒላማ ሽጉጥ ገዛሁ። ምላጩ ቅቤ ነው፤ 25 ያርድ ላይ ቀዳዳዎቹን ይደራርባል። ግን ከአንድ ካዝና 10 ጥይት ሁለት ሦስቱ ቀለሁ ሳይወጣ ይቀራል።

መጀመሪያ ያማሁት ጥይቱን ነው። ርካሹን ትቼ በሰከንድ 325 ሜትር ገደማ የሚሄደውን፣ የእርሳሱ ክብደት 40 ግሬይን (2.6 ግራም ገደማ) የሆነውን ሞከርኩ። ጥቂት ተሻለው እንጂ አልዳነም። ቀጥሎ ቀለህ የሚጎትተውን ጥፍር አጸዳሁ፤ ከሥሩ የወጣው ጥላሸትና ሰም! (የ22 ጥይት እርሳስ ሰም ስለሚቀባ ቆሻሻው ይጋገራል።) አሁንም ያው።

በመጨረሻ ካዝናውን አውጥቼ፣ ባዶ መሆኑን ሁለቴ አይቼ፣ የበርሜሉን የኋላ አፍ በባትሪ ስመለከት ጉዱ ወጣ፤ ጠርዙ ተጠቅጥቋል። የ22 ጥይት የሚመታው የቀለሁ ቂጥ መሐሉ ሳይሆን ጠርዙ ላይ ነው። ያለ ጥይት ምላጭ ሲሳብ በአንዳንድ ሽጉጥ ጥይቱን የሚመታው መርፌ በርሜሉን ራሱን ይመታል፤ የተገፋው ብረት ወደ ውስጥ ገብቶ ቀለሁን ቀርቅሮ ይይዛል። የቀድሞው ባለቤት ሶፋ ላይ ሆኖ ሲለማመድበት ኖሯል ማለት ነው።

ሞረድ እንዳታስነኩት! የተቀነሰ ብረት አይመለስም። ለዚሁ የተሠራች ሾጣጣ ብረት አለች፤ ዘይት ቀብቼ ቀስ እያልኩ ሳስገባት የተገፋውን ወደ ቦታው መለሰችው። በነሐስ ብሩሽ ጠረግኩት። ከዚያ ወዲህ 300 ጥይት ተኩሻለሁ፤ አንድም ቀለህ አልቀረም።

ቤት ውስጥ ስለማመድ አሁን የማጎርሰው ቢጫዋን የግድግዳ ፊሸር ነው። መርፌው እሷን ይምታ።