የመኪና ምርመራ ቅጂ አልቀመጥ ሲል የፋይሉን ስም ተመልከቱ
ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሚወስደው ዳገት ላይ የሞተሩን ዳታ በላፕቶፕ ስትቀዱ ቆይታችሁ ቅጂው አልቀመጥ ቢላችሁ፣ ኬብሉን ከመጠርጠራችሁ በፊት ለፋይሉ የሰጣችሁትን ስም ተመልከቱ። ዊንዶውስ በፋይል ስም ውስጥ እንደ / እና : ያሉ ምልክቶችን፣ የጥያቄ ምልክትንም (?) ሆነ ኮከብን (*) ስለማይቀበል፣ ቀኑን እንደ ልማዳችን 12/03/2017፣ ሰዓቱንም 4:30 ብሎ የጻፈ ሰው ሥራው ሊጠፋበት ይችላል። ዩኒኮድን (የዓለምን ልዩ ልዩ ፊደላት ለኮምፒውተር የሚያስተናግደውን የአጻጻፍ ሥርዓት) የማይደግፍ የቆየ ሶፍትዌር ደግሞ የግዕዙን ፊደል ወደ ጥያቄ ምልክት ሊለውጠው ስለሚችል፣ ቅር ቢያሰኝም ስሙን በላቲን ፊደል መጻፍ ይሻላል።

እኔ በመጀመሪያ 2017-03-12 ብዬ፣ ቀጥሎ የሰሌዳውን የመጨረሻ አኃዞች፣ ከዚያም ቦታውን እጽፋለሁ። ዓመቱ ስለሚቀድም ፋይሎቹ በጊዜ ቅደም ተከተል ይደረደራሉ፤ ነገር ግን ላፕቶፑ ራሱ ብዙውን ጊዜ በፈረንጆች አቆጣጠር ስለሚመዘግብ፣ ከሁለቱ አንዱን መርጦ በዚያው መጽናት ያስፈልጋል። ቦታውን መጻፍ ትርፍ ሥራ አይምሰላችሁ። ደሴ ከኮምቦልቻ ከ500 ሜትር በላይ ከፍ ስለምትል የአየር ግፊቱ ንባብ በሁለቱ ከተሞች ይለያያል፤ ቦታው ያልተጻፈበት ቅጂም ከወር በኋላ ሲከፈት ጤነኛውን ሴንሰር የተበላሸ ሊያስመስለው ይችላል።