«ሳይንቲስቶች አገኙ» ሲባል የምንሠራቸው ስህተቶች

«ለካንሰር መፍትሔ ተገኘ»፣ «በደቂቃ የሚሞላ ባትሪ መጣ»፣ «አዲስ ዘር ተፈጠረ»። በየሳምንቱ ቴሌግራም ላይ አንዱ አይጠፋም። ዜናው ሁልጊዜ ውሸት አይደለም። ብዙ ጊዜ ግን እኛ የምንረዳውና ላብራቶሪ ውስጥ የሆነው ለየቅል ናቸው። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው።)

ዋነኛው ስህተት የላብራቶሪ ሳህን ላይ የሞተን ሴል እንደ ዳነ ሰው መቁጠር ነው። የካንሰር ሴልን ሳህን ላይ መግደል ምንም አይደለም፤ በረኪናም ይገድለዋል። ከባዱ ነገር መድኃኒቱ በደም ሄዶ ዕጢው ጋ እንዲደርስ፣ ጤነኛውን ሴል እንዲተው፣ ጉበትና ኩላሊትንም እንዳይጎዳ ማድረግ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ፈልጉ፦ በምን ላይ ተሞከረ? በሳህን፣ በአይጥ ወይስ በሰው? ይህን የማይነግረኝን ጽሑፍ እኔ እዚያው እዘጋዋለሁ። ደግሞም ሳህኑ ላይ ያለው ሴል ራሱ የተባለው ሴል ላይሆን ይችላል። በ1951 ከሄንሪዬታ ላክስ የማህፀን በር ካንሰር የተወሰደውና እስከ ዛሬ የሚባዛው «ሂላ» ሴል ሌሎች ሳህኖች ውስጥ እየገባ የነበረውን ሴል ይተካ ነበር። በ1966 የዘረመል ተመራማሪው ስታንሊ ጋርትለር ይህን ሲያጋልጥ ለዓመታት «የተለያዩ» ሲባሉ የቆዩ ብዙ ሴሎች ሂላ ሆነው ተገኙ።

ሁለተኛው፣ አንድ ጥናት ስለወጣ ነገሩ አለቀ ማለት።

ኤልኬ-99ን አስታውሱ። በጁላይ 2023 የደቡብ ኮሪያ ተመራማሪዎች ከእርሳስ፣ ከመዳብ፣ ከፎስፈረስና ከኦክስጅን የሠሩት ቁስ በክፍል ሙቀት ያለ ምንም ተቃውሞ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል አሉ፤ ማግኔት ላይ ጠርዙ ብድግ ብሎ የሚታይበት ቪዲዮም ዓለምን አዳረሰ። በየአገሩ ያሉ ላብራቶሪዎች ቁሱን ራሳቸው እየሠሩ ይሞክሩት ጀመር። ወር ሳይሞላ ጉዱ ወጣ። ቁሱ ንጹሕ አልነበረም። አብሮት የመዳብ ሰልፋይድ ተፈጥሯል፤ ይህ ደግሞ 104 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ውስጣዊ አደራደሩ ስለሚለወጥ የኤሌክትሪክ ተቃውሞው በድንገት ይቀየራል፣ ያ ለውጥ ነው እንደ ተአምር የታየው። ጀርመን ሽቱትጋርት ያለው የማክስ ፕላንክ ተቋም ንጹሑን ክሪስታል ሲሠራው ብርሃን የሚያሳልፍ፣ ኤሌክትሪክ ግን የማያስተላልፍ ሐምራዊ ነገር ሆኖ አረፈው። ቪዲዮውን ካጋሩት ሰዎች ይህን ያጋራ እኔ አላየሁም።

እኛ አገር በጣም የሚያናድደኝ ግን «የተሻሻለ ዘር ሁሉ ጂኤምኦ (በላብራቶሪ ጂኑ የተለወጠ) ነው» የሚለው ነው። አይደለም!

ቁንጮ ጤፍን ውሰዱ። በ2006 ከደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል የወጣው ይህ ዝርያ የተገኘው ሁለት የጤፍ ዝርያዎችን በማዳቀል ነው፦ አንዱ ምርቱ ጥሩ፣ ሌላው ፍሬው ነጭ። ሥራው ደግሞ የዋዛ አይደለም። የጤፍ አበባ እጅግ ደቃቅ ስለሆነና ራሱን በራሱ ስለሚያዳቅል፣ ለረጅም ጊዜ ማዳቀል አይቻልም ይባል ነበር። በኋላ የጤፍ ተመራማሪው ታረቀ በርሄ አበባው ጠዋት ከ12:45 እስከ 1:30 ገደማ ብቻ እንደሚከፈት ደረሰበት። በዚያች ሰዓት በማጉያ እያዩ፣ የወንዴውን ክፍል በጥንቃቄ እየነቀሉ ነው የሚያዳቅሉት። ከሌላ ፍጡር የገባ ጂን የለም።

የማሽላውም ነገር እንዲሁ ነው። የአቀንጭራ (ማሽላ ሥር ላይ ተጣብቆ የሚመጠው አረም) ዘር አፈር ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ ይቆያል፤ የሚበቅለው የማሽላ ሥር የሚለቀው ኬሚካል ሲደርሰው ነው። ፕሮፌሰር ገቢሳ እጄታ ይህን ምልክት እምብዛም የማይለቁ ማሽላዎችን ፈልገው በማዳቀል ነው አቀንጭራን የሚቋቋም ዘር ያወጡት፤ በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማት አስገኝቶላቸዋል። ኢትዮጵያ በ2018 የፈቀደችው ቢቲ ጥጥ ግን በእርግጥም ጂኤምኦ ነው፤ የባክቴሪያ ጂን ገብቶበታል። መቃወምም መደገፍም መብት ነው፣ ግን የምትቃወሙትን ለዩ።

ሪከርድን ከገበያ ዕቃ ጋር ማምታታትም አለ። ፔሮቭስካይት ከሚባል የቁስ ዓይነት የሚሠራ ሶላር ሴል በ2009 ከብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው 3.8 በመቶ ብቻ ነበር፤ ዛሬ ከ25 በመቶ አልፏል። አስደናቂ ነው። ሪከርዱ የሚሰበረው ግን ብዙውን ጊዜ የጥፍር ስፋት ባላት ናሙና ላይ ነው፤ ጣሪያ ላይ እርጥበትና ሙቀት ችሎ ዓመታት መቆየት ሌላ ጣጣ ነው።

የመጨረሻው ስህተት ተቃራኒው ነው፦ «ወሬ ብቻ ነው፣ የት ይደርሳል» ብሎ ሁሉንም መጣል። ክሪስፐር የሚባለውን የጂን መቁረጫ ሳይንቲስቶቹ ዳውድናና ሻርፖንቲዬ በ2012 ሲያሳውቁ ሥራው የሙከራ ቱቦ ውስጥ ነበር። በኖቬምበር 2023 ብሪታንያ በዚሁ ዘዴ የተሠራውን የሲክል ሴል (በዘር የሚተላለፍ የቀይ ደም ሴል ሕመም) ሕክምና አጸደቀች፣ አሜሪካም በወሩ ተከተለች። 11 ዓመት ለዚህ ዓይነት ሥራ ፈጣን ነው። ግን «ጸደቀ» ሲባልም «ለማን?» በሉ። የበሽተኛው የራሱ ግንደ ሴል (ደም የሚያመርተው ሴል) ወጥቶ ጂኑ ይስተካከላል፣ መቅኔው በኬሞቴራፒ ይጸዳል፣ ከዚያ ሴሉ ይመለስለታል። አሜሪካ ውስጥ የወጣለት ዋጋ ለአንድ ሰው 2.2 ሚሊዮን ዶላር ነው፤ ሕመሙ ያለባቸው አብዛኞቹ ሰዎች ደግሞ የሚኖሩት አፍሪካ ውስጥ ነው።