አጭር የቴስት ሪከርድ እንዴት ይነበባል፡ ከጋንቶም እስከ ካምብሊ

ክሪኬት መከታተል የጀመረ ሰው አንድ ቀን የቴስት (እስከ አምስት ቀን ሚቆይ የሀገራት ጨዋታ) መቺዎችን የአቬሬጅ ሰንጠረዥ ከፍቶ የአውስትራሊያው ታላቅ መቺ ዶን ብራድማን 99.94 የሚለውን ማየቱ አይቀርም፣ ከዛ ከሱ በላይ ከርቲስ ፓተርሰን 144፣ አንዲ ጋንቶም 112 ሚል ያገኝና ግራ ይገባዋል። እነዚህ ሰዎች ከብራድማን ይበልጣሉ እንዴ? አይበልጡም፣ ግን ዝም ብሎ እድል ነው ብሎ ማለፍም ልክ አይደለም። ዱባይና ሻርጃ ያላችሁ ከህንድና ከፓኪስታን ልጆች ጋር ስለ ክሪኬት ወሬ ስትጀምሩ የህንዱ መቺ የቪኖድ ካምብሊ ስም መነሳቱ አይቀርም፣ እና እኔ አጭር ሪከርድ (ጥቂት ቴስት ብቻ የተጫወተ ሰው ቁጥር) ሳይ በምን ቅደም ተከተል እንደማየው ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ሂሳቡን እወቁ። አቬሬጅ ማለት ያስቆጠረው ራን (ነጥብ) በሙሉ አውት ለሆነበት (ተሸንፎ ከሜዳ ለወጣበት) ብዛት ሲካፈል ነው እንጂ ለተጫወተበት ብዛት አይደለም፣ ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው ሚሳሳተው። ፓተርሰን በ2019 ለአውስትራሊያ ከስሪላንካ ጋር ሁለት ቴስት ተጫወተ፣ ብሪዝበን ላይ 30 አስቆጥሮ ወጣ፣ ካንቤራ ላይ 114 አስቆጥሮ አውት ሳይሆን ጨረሰ፣ ድምሩ 144፣ የወጣው አንዴ ብቻ፣ ስለዚህ 144 ለ1 ሲካፈል ያው 144 ነው። ስቱዋርት ሎው ደግሞ በ1995 ፐርዝ ላይ በብቸኛ ቴስቱ 54 አስቆጥሮ አልወጣም፣ ከዛ በኋላ አልተጠራም፣ አንዴም አውት ስላልሆነ አቬሬጅ ራሱ የለውም። ብዙ ሰንጠረዦች ቢያንስ 20 ኢኒንግስ (መቺው ለመምታት ሚገባበት ተራ) ሚል ገደብ ሚያስቀምጡት ለዚህ ነው። ገደቡ ጥሩ ነው፣ ግን እኛ ማወቅ የፈለግናቸውን ሰዎች ጠራርጎ ያወጣቸዋል፣ ስለዚህ አንሱትና እዩ።

ከዛ ቁጥሩን ተዉትና የጨዋታውን ስኮርካርድ (ማን ስንት እንዳስቆጠረ ሚያሳየውን ዝርዝር) ክፈቱ። ጋንቶምን እንውሰድ። የካቲት 1948 ፖርት ኦፍ ስፔን፣ ዌስት ኢንዲስ ከእንግሊዝ ጋር። ጋንቶም የትሪኒዳድ ልጅ ነው፣ በሀገሩ ሜዳ የመጀመሪያ ቴስቱ፣ ከጆርጅ ካሩ ጋር ከፍቶ (የመጀመሪያዎቹ ሁለት መቺዎች ሆነው ማለት ነው) 173 አብረው አስቆጠሩ፣ ካሩ 107፣ ጋንቶም 112፣ ፍራንክ ዎረል ደግሞ እሱም የመጀመሪያ ቴስቱ ሆኖ 97። እዚህ ድረስ ድንቅ ነው። ግን እዛው ካርድ ላይ የእንግሊዝን ስም እዩ፣ ቢሊ ግሪፊዝ ሚባል በረኛ (ዊኬትኪፐር ማለቴ ነው) መክፈቻ ላይ ተልኮ 140 አስቆጥሯል፣ በፈርስት ክላስ (ቴስትን ጨምሮ በከፍተኛ ደረጃ ሚደረግ የብዙ ቀን ጨዋታ) ራሱ ከዛ በፊት መቶ አስቆጥሮ ማያውቅ ሰው። ይሄ ሜዳው ለመቺ ምን ያህል አመቺ እንደነበር ይነግራችኋል። ጨዋታው ያለ አሸናፊ ተጠናቀቀ፣ ጋንቶም ቀስ ብሎ ተጫወተ ተባለ፣ ለሚቀጥለው ቴስት አልተመረጠም። በ1957 ከቡድኑ ጋር እንግሊዝ ሄዶ ነበር ግን አንድም ቴስት አላሰለፉትም። መቶ አስራ ሁለት አስቆጥሮ ሁለተኛ እድል ያጣ ሰው ሳስብ እስካሁን ያናድደኛል።

ሶስተኛው ፈርስት ክላስ ሪከርዱ ነው፣ ማለትም በአብዛኛው ከቴስት ውጪ በክልል ደረጃ በብዙ አመት የሰራው ስራ። የጋንቶም ፈርስት ክላስ አቬሬጅ ወደ 35 ነው። ጥሩ መቺ ነበር፣ በደል ተሰርቶበታል፣ ሁለቱም እውነት ነው፣ ግን 112 ራሱ እሱን አይገልጸውም።

አሁን ባሪ ሪቻርድስን በዚሁ መንገድ እዩት። ደቡብ አፍሪካ፣ በ1970 ከአውስትራሊያ ጋር አራት ቴስት፣ 7 ኢኒንግስ፣ 508 ራን፣ አቬሬጅ 72.57። ደርባን ላይ በመጀመሪያው ቀን ምሳ ሲወጡ 94 ላይ ነበር፣ ከምሳ በፊት መቶ ሊደፍን ስድስት ራን ነው የቀረው፣ 140 ላይ ወጣ፣ ግራም ፖሎክ ደግሞ 274 አስቆጠረ። ፈርስት ክላሱን ስትከፍቱ 80 ጊዜ መቶ፣ ከ28 ሺህ በላይ ራን፣ አቬሬጅ ወደ 55። በዛው በ1970 መጨረሻ ለሳውዝ አውስትራሊያ ፐርዝ ላይ በአንድ ቀን ብቻ 325 አስቆጥሯል፣ ከተቃራኒ ቦውለሮቹ (ኳስ ወርዋሪዎቹ) አንዱ በኋላ ታላቅ ፈጣን ወርዋሪ የሆነው ወጣቱ ዴኒስ ሊሊ ነበር። ይሄ ሰው አራት ቴስቱ አያታልላችሁም፣ እውነተኛ ነው።

የቆመው ግን በአፓርታይድ ምክንያት ነው፣ አለም ከደቡብ አፍሪካ ጋር መጫወት አቆመ፣ እስከ 1992 ድረስ አንድ ቴስት አልተጫወቱም። እዚህ ጋ አንድ ነገር አጥብቄ እላለሁ፣ "ምስኪን ሪቻርድስ" ብቻ ብላችሁ እንዳታልፉ። በዛው ሀገር ጥቁርና ክልስ በመሆናቸው አንድም ቴስት ያልተፈቀደላቸው ነበሩ። ባዚል ዶሊቬራ ከኬፕታውን ተነስቶ እንግሊዝ ድረስ ሄዶ ነው በ1966 ለእንግሊዝ የተሰለፈው፣ በ1968 ከእንግሊዝ ቡድን ጋር ይመጣል ሲባል የደቡብ አፍሪካ መንግስት አልቀበልም ብሎ ጉዞው ተሰረዘ። ዜሮ ቴስት ያለው ሰው ሰንጠረዥ ላይ አይወጣም፣ አጭር ሪከርድ ስታነቡ እሱንም አስቡት።

ስለዚህ አራተኛው ጥያቄ ለምን ቆመ ነው፣ ዋናውም እሱ ነው። አንዳንዴ በሽታ ነው፣ አርቺ ጃክሰን በ1929 አዴሌድ ላይ በ19 አመቱ 164 ብሎ ጀመረ፣ 8 ቴስት ተጫውቶ በ1933 በ23 አመቱ በሳንባ ነቀርሳ ሞተ። አንዳንዴ ጥቃቅን ሚመስል ነገር ነው፣ የኒውዚላንዱ ሮድኒ ሬድመንድ በ1973 ኦክላንድ ላይ ከፓኪስታን ጋር 107 እና 56 አስቆጠረ፣ ከዛ እንግሊዝ ሲሄዱ የአይኑ ኮንታክት ሌንስ አስቸገረው፣ ሌላ ቴስት አላገኘም።

ቪኖድ ካምብሊ ጋ ስትመጡ ግን ቀስ በሉ። 17 ቴስት፣ 1084 ራን፣ አቬሬጅ 54.20፣ በ1993 መጀመሪያ በተከታታይ 224 እና 227፣ በ1995 መጨረሻ በ23 አመቱ አለቀ። ህንዶቹ እስከዛሬ ይከራከሩበታል። አራቱም መቶዎቹ ሙምባይ፣ ዴሊና ኮሎምቦ ላይ ናቸው፣ በ1994 ዌስት ኢንዲስ ሲመጡ ደረት ላይ ሚመጣው ኳስ አስቸገረው። በኔ ግምት ድክመቱ እውነት ነው፣ ግን 23 አመት ድክመት ሚስተካከልበት እድሜ ነው፣ ስለዚህ ቶሎ ነው የተዉት።

ራሳችሁ መሞከር ከፈለጋችሁ በብራድ ሆጅ ጀምሩ። 6 ቴስት፣ አቬሬጅ 55.88፣ በ2005 ፐርዝ ላይ ከደቡብ አፍሪካ ጋር 203 አስቆጥሮ አልወጣም፣ በፈርስት ክላስ 51 ጊዜ መቶ አስቆጥሯል። ሪከርዱን ከጨረሳችሁ በኋላ የዛን ጊዜ የአውስትራሊያን አሰላለፍ ክፈቱ፣ ሄይደን፣ ላንገር፣ ፖንቲንግ፣ ማይክ ሀሲ፣ እና ከነዚህ ማንን አስወጥታችሁ እሱን እንደምታስገቡ ወስኑ።